የመኖሪያ ቤት ጥያቄ በቁጥር ብቻ አይፈታም

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች መሆናቸው በተደጋጋሚ የተነገረ ሐቅ ነው። ከሦስቱ መካከል ግን መጠለያ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ያልተስማማ ልብስ ይለወጣል፤ ያልጣመ ምግብ በማግሥቱ በሌላ ይተካል። ቤት ግን አንድ ጊዜ በድንጋይ፣ በብረትና በሲሚንቶ ከቆመ በኋላ ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት ባለበት ይቆያል። በንድፍ ወረቀት ላይ በአንድ ቀን የተሰመረ መስመር የሁለትና የሦስት ትውልድ ኑሮ ይወስናል። በዚህም ምክንያት ስለ ሕዝብ መኖሪያ ቤት ስንነጋገር «ስንት ቤት ተሠራ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ለማን ተሠራ? የሚኖርበትስ ሰው እንዴት ያለ ኑሮ ይኖርበታል?» የሚሉትን ጥያቄዎች አጣምሮ ማንሳት ግዴታ ይሆናል።

በዛሬው ጽሑፋችን ለማሳየት የምንሞክረው የቤቶች ብዛትና የቤቶች ጥራት ተነጣጥለው ሊታዩ የማይችሉ መሆናቸውን፣ ጥራት ማለትም ለተለያዩ ነዋሪዎች የተለያየ ኑሮ አመቺ መሆን ማለት እንደሆነ፣ ይህም ሳይሟላ ሲቀር ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ታስቦ የተሠራው ቤት ቀስ በቀስ ከእጁ የሚወጣ መሆኑን ነው። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም። የየሰፈሩ ነዋሪ፣ የየፋብሪካው ሠራተኛ፣ የየእድሩ አባል በቀጥታ ይመለከተዋል።

ከየት ተነሣን?

አንድን ችግር በትክክል ለመረዳት አመጣጡን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ የነበረው የከተማ ቦታ በአብዛኛው በጥቂት ባለይዞታዎች እጅ የተያዘ ነበር። ሰፊው ነዋሪ ከእንጨትና ከጭቃ በተሠራ፣ ቆርቆሮ በለበሰ የኪራይ ቤት ይኖር ነበር። አከራዩ ቤቱን የሚያየው እንደ ገቢ ምንጭ እንጂ እንደ ሰው መኖሪያ ስላልነበረ፣ ክፍሎቹ የሚከፋፈሉት በተከራዩ ኑሮ ልክ ሳይሆን በኪራዩ ብዛት ልክ ነበር። ጠባብነት፣ የመጸዳጃ እጥረትና የእድሳት ጉድለት ከዚህ ግንኙነት የመነጩ እንጂ በድንገት የተከሰቱ አልነበሩም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይህንን የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ሻረ። በወር እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ ኪራይ ያላቸው ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ ተደረገ። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም እንዲቀነስ ተወሰነ። ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ይህ እርምጃ ከመፈናቀል ሥጋት ነፃ መውጣት ነበር። የቀበሌ ቤት የሚባለው፣ ዛሬ በወረዳ ሥር የሚተዳደረው መኖሪያ መነሻው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የባለቤትነት ለውጥ በራሱ ጣሪያ አያድስም፤ የፍሳሽ መስመርም አይዘረጋም። የቀበሌ ቤት ኪራይ ዝቅተኛ መሆኑ ለነዋሪው ታላቅ እፎይታ የመሆኑን ያህል፣ ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእድሳት የማይበቃ መሆኑ ደግሞ ቤቶቹን ለእርጅና አጋለጣቸው። የነዋሪው ቁጥር ሲያድግ ግቢዎች ተጣበቡ፤ አንድ መጸዳጃ ለበርካታ አባወራዎችና እማወራዎች የጋራ ሆነ። ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ግልጽ ነው። ቤት ለማን እንደተሰጠ ብቻ ሳይሆን በምን ገንዘብና በማን ኃላፊነት እንደሚጠገን አብሮ ካልተወሰነ፣ የዛሬው ድል የነገ ችግር ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ ነጥብ አለ። የቀበሌ ቤት በግድግዳውና በጣሪያው ደካማ ቢሆንም በአቀማመጡ ግን ለድሃው ኑሮ የተስማማ ነበር። ከገበያና ከሥራ ቦታ ቅርብ ነው። ግቢ አለው። በግቢው እንጀራ ይጋገርበታል፣ ጠላ ይጠመቅበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ሕፃናት በጎረቤት ዓይን ሥር ይጫወቱበታል። ሰው ቢሞት ድንኳን ይተከልበታል። እነዚህ ነገሮች በንድፍ ወረቀት ላይ ያልታዩ፣ ነገር ግን ኑሮን የሚያቆሙ ምሰሶዎች ናቸው። ያረጀውን ግድግዳ ሲያፈርሱ ምሰሶውንም አብሮ መጣል ታላቅ ስሕተት ይሆናል።

የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ያስገኙትና የጎደላቸው

በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። በ1996 ዓ.ም. በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የመጀመሪያው የሙከራ ግንባታ በቦሌ ገርጂ ተጀመረ። ከዚያም ሰፊው የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ተከተለ። በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ከ450 ሺህ በላይ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 መርሐ ግብሮች በተካሄደው ምዝገባ ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ስሙን አስፍሯል። ቁጥሩ ራሱ የችግሩን ስፋት ይመሰክራል።

የሥራውን ውጤት መካድ ሐቅን መካድ ነው። በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት ለመሥራት የታቀደው ባይሞላም፣ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ተገንብተዋል። ብሎኬት በሚያመርቱ፣ ብረት በሚያጎብጡ፣ መስኮትና በር በሚገጣጥሙ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች የተደራጁ ወጣቶች ሥራና ሙያ አግኝተዋል። ከእጣው 30 በመቶ ለሴቶች እንዲሆን መደረጉ፣ ከባል ወይም ከአባት ስም ውጪ የቤት ካርታ አይተው ለማያውቁ እናቶች መብት ከፍቷል። በምድር ቤት የሚገኙት የንግድ ክፍሎች በጨረታ ተሸጠው ለመኖሪያ ቤቶቹ ዋጋ ድጎማ እንዲሆኑ መታሰቡም ጥበብ ያለበት ነበር።

ነገር ግን በዚሁ ሥራ ውስጥ አንድ ተቃርኖ ተደብቆ ይገኛል። ቤቱ የታሰበው ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ሲሆን፣ በውስጡ እየኖረ ያለው ግን በብዙ ሥፍራ ያ ነዋሪ አይደለም። ቅድሚያ ክፍያውን እንደምንም አሟልቶ ቁልፍ የተረከበው ሰው ቤቱን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ጠባብ ክፍል ይኖራል፤ ወይም የሽያጭ እገዳው ጊዜ ሲያበቃ ሸጦት ይሄዳል። ብዙዎች ይህንን የግለሰቦች ስግብግብነት አድርገው ይተቻሉ። ትችቱ ከላይ ከላይ የሚታየውን ብቻ የያዘ ነው። ሰው ሥራው፣ ጤናውና ቤተሰቡ የማይስማሙበትን ቤት ትቶ ቢሄድ መጠየቅ ያለበት ሰውየው ብቻ ሳይሆን ቤቱም ጭምር ነው። የወር ክፍያው፣ የመጓጓዣው ወጪና የገቢ ምንጩ መቋረጥ በአንድነት ሲደመሩ ድሃው ከቤቱ ይገፋል። ማንም በጉልበት ሳያስወጣው ንድፉና ሒሳቡ ያስወጡታል።

«አማካይ ነዋሪ» የሚባል ሰው የለም

የተቃርኖው አንዱ ሥር ንድፉ የተዘጋጀለት ሰው በተጨባጭ የሌለ መሆኑ ነው። ስቱዲዮ፣ ባለ1፣ ባለ2 እና ባለ3 መኝታ ተብለው የተከፋፈሉት ቤቶች በስፋት ይለያያሉ እንጂ በሚያስተናግዱት የኑሮ ዓይነት አይለያዩም። ሁሉም የሚያስቡት ጠዋት ወጥቶ በደመወዝ ሥራ የሚውል፣ ማታ ተመልሶ የሚተኛ፣ ጤነኛ፣ ወጣትና አነስተኛ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። የከተማችን ነዋሪ ግን እንዲህ አንድ ዓይነት አይደለም።

እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት እንውሰድ። የእርሷ ማዕድ ቤት የማብሰያ ቦታ ብቻ ሳይሆን የምርት ቦታ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ኃይል ይፈልጋል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ 20 ምጣድ በበዓል ዋዜማ በአንድ ጊዜ ቢጣድ ከ60 ኪሎዋት በላይ ማለት ነው። የመሥመሩና የቆጣሪው አቅም፣ የእንፋሎቱ መውጫ፣ የሊጥ ዕቃው ማስቀመጫና የምጣዱ መቀመጫ በንድፉ ካልታሰቡ እናቲቱ ወይ በረንዳ ላይ ትጋግራለች፣ ወይ ከጎረቤት ጋር ትጋጫለች፣ ወይ ሥራዋን ታቆማለች። ሦስተኛው ሲሆን የቤቱን ዕዳ የምትከፍልበት ገቢ አብሮ ይቆማል።

የሽሮ ሜዳውን ሸማኔ እንውሰድ። ሸማኔው የሚሠራው ከመቀመጫው በታች በተቆፈረ ጉድጓድ እግሮቹን አስገብቶ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። ስለዚህ ለሸማኔ ቤተሰብ ከፍ ያለ ፎቅ መስጠት ጣሪያ ሰጥቶ መተዳደሪያ መንሳት ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ አባትን ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ወጣትን እንውሰድ። አብዛኛዎቹ የጋራ ሕንፃዎች ባለ አራት ፎቅ ሆነው አሳንሰር የላቸውም። እስከ ላይኛው ፎቅ ወደ 70 የሚደርስ ደረጃ አለ። ለአንዱ ደረጃው ማሻቀቢያ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከዓለም የሚለይ ግድግዳ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጠቀሚያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ለጉዳይ ለአንድ ሰዓት የሚገባበት ቢሮ ይህን ማሟላት ካለበት፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚኖርበት ሕንፃ ከዚያ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባም።

አያት፣ ልጆችና ከገጠር የመጣ ዘመድ አብረው የሚኖሩበትን ሰፊ ቤተሰብ፣ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚጋሩትን የቀን ሠራተኞች፣ የሌሊት ተረኛ ሆነው ቀን የሚተኙትን የፋብሪካ ሠራተኞች ጨምረን ስናስብ ጉዳዩ ይበልጥ ይጎላል። ለሌሊት ተረኛው በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ ድምፅ መከልከሉ እንደ ደመወዝ ያህል አስፈላጊ ነው። ለቀን ሠራተኛው የሚያስፈልገው የሚገዛው ቤት ሳይሆን ንጹሕና ርካሽ የኪራይ ክፍል ነው።

ከዚህም በላይ ነዋሪው በእምነትና በባሕል የተለያየ ነው። አንዱ ለፋሲካ ሌላው ለአረፋ ያርዳል። አንዱ ሰንበቴ ሌላው ዱዓ ያሰናዳል። የሁሉም ቤት ግን ሐዘን ይገባዋል፣ ሠርግም ይደርሰዋል። ይህን በመገንዘብ በየሰፈሩ የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች እንዲሠሩ መደረጉ የሚመሰገን ነበር። ሆኖም በብዙ ሰፈሮች እነዚህ ሕንፃዎች ለሌላ አገልግሎት ውለው ይታያሉ። በመሆኑም ድንኳኑ በመኪና ማቆሚያ ይተከላል፣ በጉ በደረጃ ሥር ይታረዳል፣ አስከሬኑ በጠባብ ደረጃ መዞሪያ በጭንቅ ይወርዳል። ይህ የነዋሪው ሥርዓት ማጣት ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም። ለኑሮ ቦታ ሳይሰጠው ሲቀር ኑሮ ራሱ ያገኘውን ቦታ ይይዛል።

ጥራት ቅንጦት ነውን?

«አገሪቱ ድሃ ናት፤ መጀመሪያ ለሁሉም ጣሪያ እናዳርስ፣ ስለ ጥራት ኋላ እንነጋገራለን» የሚል አስተያየት በየመድረኩ ይሰማል። አስተያየቱ ከቅንነት የሚነሳ መሆኑን እንቀበላለን። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የተመዝጋቢው ብዛት ቀልድ አይደሉም። ነገር ግን አስተያየቱ ሁለት መሠረታዊ ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛ፣ የጥራት ጉድለት ወጪን አያስቀርም፤ ወጪውን ከግንባታ መዝገብ ወደ ነዋሪው ጫንቃ ያዛውረዋል እንጂ። በአንድ ምሳሌ እናስላው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በቂ ማጠራቀሚያና መግፊያ በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ ይኖራል እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብቻ ቢበቃ፣ ቤተሰቡ በቀን አምስት ጀሪካን፣ ማለትም 100 ኪሎ ውኃ በደረጃ መሸከም አለበት። በዓመት 36 ቶን ተኩል ይሆናል። ይህንን የሚሸከመው ማነው? በአብዛኛው እናትና ሴት ልጅ ናቸው። በሮቶና በፓምፕ ላይ «የተቆጠበው» ገንዘብ በእነርሱ ጀርባ ላይ በየቀኑ ይከፈላል። ውስጣቸው ሳይጠናቀቅ የተላለፉ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ወለሉን፣ በሩንና ቀለሙን ነዋሪው በችርቻሮ ዋጋ ሲያሟላ፣ በጅምላ ቢሠራ ከሚፈጀው በላይ ያወጣል። አቅም የሌለው ደግሞ ቁልፉን ይዞ ደጅ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ እኩልነትና አንድ ዓይነትነት አንድ አይደሉም። ለሁሉም ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ጫማ ማደል እኩል ማደል ይመስላል፤ የሚራመድበት ግን እግሩ የተስማማለት ብቻ ነው። እኩልነት ማለት እያንዳንዱ ነዋሪ በቤቱ እኩል ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። ይህም በንድፉ ላይ ልዩነትን መቀበልን ይጠይቃል። ልዩነትን መቀበል ግን ሁልጊዜ ውድ አይደለም። የደረጃውን መዞሪያ በጥቂት ሴንቲሜትር ማስፋት፣ የምድር ቤቱን መግቢያ በደረጃ ፈንታ በዘንበል መሥራት፣ የምጣድ መሥመርን አስቀድሞ መዘርጋት፣ የመጸዳጃውን በር ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲበቃ ማድረግ በወረቀት ላይ ሳሉ ወጪያቸው ጥቂት ነው። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ብዙ ወጪ ከፍሎም ማስተካከል ይከብዳል።

ከሌሎች ልምድ የሚገኝ ትምህርት

የሕዝብ መኖሪያ ቤት ታሪክ የስኬትም የውድቀትም ምሳሌዎች ሞልተውበታል። የቪየና ከተማ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት ግብር ጥሎ፣ ቅንጡ ቤት የያዘው ከፍተኛውን ድርሻ እንዲከፍል በማድረግ፣ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ መኖሪያ ለሠራተኛው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ 1,400 የሚጠጉ ቤቶች ሲኖሩት፣ ሕንፃው ከቦታው አንድ አምስተኛ የማይሞላውን ብቻ ይሸፍናል፤ የቀረው አረንጓዴ ግቢ ነው። የልብስ ማጠቢያ፣ የመታጠቢያ፣ የሕፃናት መዋያና ቤተ መጻሕፍት አብረው ተሠርተውለታል። ያ ሥራ የተሠራው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተሸነፈችና በተራበች አገር ነበር። ድህነት ለጥራት ማነስ በቂ ምክንያት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የኦስትሪያ አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች ማዕድ ቤት ስትነድፍ፣ የቤት እመቤቷ ከምድጃ ወደ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያ ወደ ጠረጴዛ የምታደርገውን እንቅስቃሴና የሚፈጀውን ጊዜ መነሻ አድርጋ ነበር። ንድፉ ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ቤቶች ተተከለ። እኛም በተራችን የምንጠይቀው ይህንን ነው። ሊጥ የሚያቦካ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ቡና የሚቆላ ማዕድ ቤት በዚህ ዓይነት ትጋት ሊለካና ሊነደፍ ይገባዋል።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1960 የቤቶችና ልማት ቦርድን አቋቁማ አብዛኛውን ሕዝቧን በመንግሥት በተሠሩ ሕንፃዎች ስታሰፍር፣ የብዙዎቹን ሕንፃዎች ምድር ቤት ክፍት አድርጋ ተወችው። ማሌዎቹ ሠርጋቸውን፣ ቻይናውያኑ ለቅሷቸውን በዚያ ያካሂዳሉ፤ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። የእኛን የድንኳን ጥያቄ እነርሱ በንድፍ መልሰውታል።

በአንጻሩ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የተባለው የመኖሪያ ሰፈር 33 ሕንፃዎች እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተሠሩ። ወጪ ለመቆጠብ አሳንሰሮቹ በየፎቁ ሳይሆን ፎቅ እየዘለሉ እንዲቆሙ ተደረገ። የጥገናው ገንዘብ ከነዋሪው ኪራይ ብቻ እንዲገኝ ተወሰነ። ነዋሪው ሲደኸይ ኪራዩ አነሰ፣ ኪራዩ ሲያንስ ጥገናው ቀረ፣ ጥገናው ሲቀር የሚችለው ሁሉ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሕንፃዎቹን ማፍረስ ተጀመረ። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አላገለገሉም። ከኪራዩ እድሳት ያጣውን የቀበሌ ቤት ታሪክ ከዚህ ጋር ለሚያነጻጽር ሰው ትምህርቱ አንድ ነው።

ምን መደረግ አለበት?

ከላይ ካልነው በመነሳት የሚከተሉት ነጥቦች በሕዝብ መኖሪያ ቤት ሥራ ላይ እንዲሰመርባቸው እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ ነዋሪው ከንድፉ በፊት ይጠየቅ። ሕንፃው ካለቀ በኋላ በእጣ የሚታወቅ ነዋሪ ስለ ንድፉ የሚናገርበት ጊዜ አያገኝም። ሰፈር ፈርሶ ሕዝብ በሚዛወርበት ጊዜ ግን ነዋሪው አስቀድሞ ይታወቃል። በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደር፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ማን እንደሆነ የየእድሩ መዝገብና የየሰፈሩ ነዋሪ ያውቀዋል። ይህ እውቀት ከንድፍ ጠረጴዛው ላይ መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ አይበተን። እጣ ከአድልዎ ይጠብቃል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን እጣ ሰውን ነጠላ አድርጎ ያያል። አረጋዊቷን የምትጠይቅ ጎረቤት፣ ልጅ የምትጠብቅ አክስት፣ ቀባሪ የሆነው እድር በእጣ አይገኙም። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር ተያይዞ ከመሐል ከተማ የተነሱት ሰፈሮች ጥያቄውን የአሁን ጥያቄ አድርገውታል። እጣው በቤተሰብ ብቻ ሳይሆን በፈቃደኝነት በተደራጁ የጎረቤት ቡድኖች ቢወጣ፣ ሁለቱንም፣ ማለት ፍትሕንና ማኅበራዊ ትስስርን ማስታረቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ምድር ቤቱ ለሚያስፈልገው ይመደብ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በቤታቸው የሚያመርቱ ባለሙያዎች በመሬት ደረጃ ቅድሚያ ያግኙ። በየሰፈሩ የሸማኔ፣ የልብስ ስፌትና የእንጀራ መጋገሪያ የጋራ መሥሪያ ቤት ይታቀድ። የጋራ መገልገያ ሕንፃውም ለሠርግ፣ ለሐዘንና ለእርድ የሚሆን፣ ውኃና ፍሳሽ የተሟላለት፣ ለየትኛውም እምነት እኩል ክፍት የሆነና ለኪራይ ገቢ የማይዛወር ይሁን።

አራተኛ፣ መግዛት ለማይችለው የሚከራይ የሕዝብ ቤት ይኑር። ሁሉም ነዋሪ የቤት ገዢ ሊሆን አይችልም። የቀን ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ በረጅም ውል፣ በተመጣጠነ ኪራይ የሚኖሩበት ክፍል በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከሚገዙት ቤቶች ጋር ቢደባለቅ፣ ድሃውን ለብቻው ከከተማ ዳር የማስፈር ልማድ ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ የጥገና ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ። ጣሪያ፣ ፍሳሽ፣ ማጠራቀሚያና ደረጃ የጋራ ናቸው። የምድር ቤት ንግድ ቤቶች ሁሉ ከሚሸጡ ከፊሎቹ የሕንፃው የጋራ ንብረት ሆነው ኪራያቸው ለጥገና ቢውል፣ የድሃው መዋጮ ብቻውን ሕንፃውን እንዲሸከም አይገደድም።

የነዋሪው ድርሻ

የተጠቀሱት ነጥቦች ሁሉ ከላይ ብቻ ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር በአዋጅ የተቋቋመ ሕጋዊ አካል ነው። ሆኖም በብዙ ሕንፃ የሚታወቀው የጥበቃና የጽዳት መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን ብቻ ነው። ስብሰባው የሚጠራው ቧንቧ ሲፈነዳ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሕንፃው ከሚኖሩት ብዙዎቹ ተከራዮች ሆነው በማኅበሩ ድምፅ የሌላቸው መሆኑ ነው። በደረጃው የሚወጣው፣ በውኃው እጥረት የሚቸገረው፣ ልጁን በግቢው የሚያሳድገው ተከራይ ስለ ደረጃው፣ ስለ ውኃውና ስለ ግቢው አይጠየቅም። ሕጉ ባለቤቱን አባል ማድረጉ፣ ማኅበሩ ተከራዩን በስብሰባው አስቀምጦ ከማዳመጥ አያግደውም። ይህን ለመጀመር ከማንም ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም።

የግንባታ ሠራተኛውም ድርሻ እንዲሁ ከባድ ነው። ብሎኬቱን ያለ በቂ ሲሚንቶ የሚያወጣ፣ የቧንቧ መጋጠሚያውን ሳያጠብቅ በልስን የሚሸፍን ሰው የሚያታልለው ተቆጣጣሪውን ሳይሆን የራሱን ወገን ነው። ያ ቧንቧ ሲያፈስ ታች ባለው ቤት የሚበሰብሰው የእርሱን መሰል ሠራተኛ ኮርኒስ ነው። የሥራ ክብር የሚታየው ባልተሸፈነው ግድግዳ ብቻ ሳይሆን በልስኑ ውስጥ በተቀበረውም ነው።

ስለሆነም የቤት ጥያቄ የሚመለሰው የተደረደሩት ሕንፃዎች ከሩቅ ሲታዩ ሳይሆን፣ በውስጣቸው እናቲቱ ሳትሸማቀቅ ስትጋግር፣ ሸማኔው ሲሸምን፣ የሌሊት ተረኛው ቀን ሲተኛ፣ አረጋዊው ወደ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ቀጣዩ ንድፍ ተስሎ ከማለቁ በፊት የየሰፈሩ ነዋሪ በየእድሩና በየማኅበሩ ተሰብስቦ የሚያስፈልገውን በጽሑፍ አስፍሮ ለሚመለከተው ክፍል ያቅርብ። ንድፍ አውጪውም ያንን ጽሑፍ እንደ አቤቱታ ሳይሆን እንደ ሥራው የመጀመሪያ ሰነድ ይቀበለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ፣ የተባበረ ነዋሪ የሚኖርበትን ቤት አስቀድሞ ሊያስነድፍ ይችላል፤ ይገባዋልም።